የወንድሜ ሽታ

ጥቅምት 6
የሂሳብ ፈተና ነበር... እንደ ነገሩ ሠራሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን ሹፌሩ ሬዲዮውን ሊወስድ መጣ። ወንድሜ አልጋ ላይ ሳይወድቅ የጠገነው ነው። አንድ ብሎን ላልቶ ነበር። ላጠብቀው ክዳኑን ሳነሳ የሲጋራ ሽታ ወጣ። የእሱ። በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ሳንባው አልቆ ከሞተ ሁለት ወሩ። ሽታው ግን እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ... እኔን ይጠብቅ ነበር?

ጥቅምት 8
ሬዲዮ ይጠግንበት የነበረው ክፍል ሽታው እየጠፋ ነው። መሳቢያው ውስጥ ስድስት ሲጋራ አገኘሁ። አንዱን ለኮስኩ። አላጨስኩም። መተርኮሻው ላይ አስቀምጬ ሲያልቅ አየሁት። ጢሱ ወንበሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል፤ ሰው የተቀመጠበት ይመስል። ወይስ ዓይኔ ነው?

ጥቅምት 9
የወንድሜ የአምስት ዓመት ልጅ ሮጣ ገባች።
«አባዬ መጣ?»
ሩቅ አገር ለሥራ ሄዷል ነው የተባለችው።
«አልመጣም።»
«ውሸታም! ይሸተኛል እኮ!»
ወንበሩ ሥር ተቀምጣ ሳቀች። ለማን?

ጥቅምት 15
ሲጋራው አለቀ። ዩኒፎርሜን እንደ ለበስኩ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ፣ «የወንድምህን ዓይነት ነው?» አለኝ። ቀብሩ ላይ ቆሞ ነበር እኮ! በፍሬ ሸጠልኝ። ዕድሜህ ስንት ነው አላለኝም። ወንድሜም የጀመረው በአሥራ አራት ዓመቱ፣ ከዚሁ መስኮት ነው።

ጥቅምት 22
ልጅቷን ሳል ይዟታል። ሦስቴ፣ ዝም፣ ከዚያ አንድ ረጅም። ልክ እንደ እሱ።

ጥቅምት 24
ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ ልጅቷን ልትመዝን ስትወስዳት ሐኪሟ ጠየቀች።
«ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ?»
«የሚያጨሰው ሞቷል» አለች የወንድሜ ሚስት።
«ታዲያ ፀጉሯ ለምን ሲጋራ ሲጋራ ይላል? ጢሱ ካልቆመ ደረቷ ይብስባታል።»


ጥቅምት 25
ለወንድሜ ሚስት ነገርኳት። «እትዬ፣ እኔ ነኝ የምለኩሰው።»
በጥፊ ትለኛለች ብዬ ነበር።
«አውቃለሁ» አለች። «አንተ ስትወጣ እኔ እገባለሁ... ልጄን ታቅፌ። ሽታው እንዳይወጣ መስኮቱን የምዘጋውም እኔ ነኝ።»


ጥቅምት 28
መጋረጃውን አጠብን፤ ግድግዳውን በሳሙና ፈተግን። ውሃው እንደ ሻይ ሆኖ ወረደ። እትዬ ባለሱቁ ጋ ሄዳ፣ «ለልጅ አትሽጥ!» ብትለው፣ «እኔ ብተው ሌላው ይሸጣል» አላት። ነገ ለትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር እናገራለሁ ብላለች። አብሬያት እገባለሁ።

ኅዳር 9
ሳሉ ቀንሷል። ልጅቷ ወንበሩን አሸተተች። ደግማ አሸተተች።
«አባዬ ለምን መምጣት ተወ?»
እናቷን አየኋት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።
ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳት። «አባዬ ሞቷል።»
ወደ ወንበሩ ዞራ አየች።
«ምን ገደለው?»
ነገርኳት።