ሁለት ድስት

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ባለሱቁ ለወንድሜ ልጅ እንደነገራት ከሆነ፣ ከእህቴ ጋር ተጣልቼ ከማዕድ ለይቻታለሁ። ስህተት ነው። አልተጣላንም። የለየነው ድስት ነው፤ እሱም በሕግ።

ክፍሉ በመጋረጃ ለሁለት ከተከፈለ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ። በእሷ በኩል አልጋው፣ መስኮቱ፣ አሮጌው ምድጃ። በእኔ በኩል ፍራሽ፣ ጠረጴዛ፣ አዲሱ ምድጃ። የእሷን ድስት የወንድሜ ልጅ ጠዋት እየመጣች ትጥዳለች። የእኔን እኔ። ለእሷ የተቀቀለ ድንች። ለእኔም የተቀቀለ ድንች… በሌላ ድስት።

ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ምክንያቱን ልጻፈው፤ ኋላ ራሴም እንዳላዛባው።

እህቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት ሆነ። አገላብጣታለሁ፣ አጥባታለሁ። ባለፈው ወር ሳነሳት ወገቤ ቀጭ አለና ሁለታችንም ወለሉ ላይ ቀረን። ጎረቤት እስኪሰማ አንድ ሰዓት ያህል። "እትዬ፣ እንግዲህ እዚሁ እንመቻች" አለችኝ። ሳቅኩ ይሆን? አላስታውስም።

ወገቤ ሲሻለው ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። መንግሥት ለአልጋ ቁራኛ በየቀኑ ረዳት ይልካል፤ በቤተሰቡ ውስጥ አቅም ያለው ሰው ከሌለ ብቻ። ደረጃውን በእግሬ ስለወጣሁ አቅም አላት ተባልኩ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው።

ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ ጸሐፊዋ ከመመሪያው አነበበችልኝ፦ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩና ከአንድ ድስት የሚመገቡ ሰዎች።

ያቺን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። እዚያው ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት። ኃላፊው ጣሪያው ይበቃል ቢል ድስቱን እኔ ጨመርኩ፤ ተከራይ ከአከራዩ ጋር እንዳይቆጠር ብዬ። "ቀይ እስክሪብቶ" ነበር የሚሉኝ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

እንግዲህ ድስት ከለየን እህቴ ለብቻዋ ቤተሰብ ናት። አቅም ያለው የሌለበት።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ዘዴውን ያመጣችው የወንድሜ ልጅ ናት። አዲሱን ምድጃ ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ብቻ እናሳይ፣ ከዚያ እንደ ድሯችሁ ሁኑ ብላ ነበር። አይሆንም አልኳት። ለመንግሥት ወረቀት ዋሽቼ አላውቅም። ለይተናል ካልን እንለያለን።

ዛሬም አነሳችው። "አክስቴ፣ አንቺ እኮ ሲኦል ብትገቢም ለእሳቱ ደረሰኝ ትጠይቂያለሽ።"

እጠይቃለሁ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ወጣት ናት። ጫማዋን በር ላይ ጠረገች፤ ጥሩ አስተዳደግ። ሁለቱንም ድስት ከፍታ አየች። በሁለቱም ድንች።

"እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አብራችሁ አትበሉም?"

"አንበላም።"

ከመቼ ጀምሮ አለች። ቀኑን ነገርኳት። ከመጋረጃው ጀርባ የእህቴ ድምፅ መጣ፦ "እውነቷን ነው ልጄ። ዋሽታ አታውቅም። ብትዋሽ ይሻለኝ ነበር።"

ተቆጣጣሪዋ ጻፈች።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ተፈቀደ። ረዳቷ ዛሬ ጀመረች። ክንዷ ጠንካራ፣ ቃሏ ጥቂት። እህቴን እንደ ትራስ አንስታ አገላበጠቻት፣ አጠበቻት፣ ድስቷን ጣደችላት። ወገቤን ሳልይዝ ዋልኩ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

እህቴ ምሳዋን አልነካችም። ትናንትም እንዲሁ። አልራበኝም ትላለች። ረዳቷ ልታጎርሳት ብትሞክር አፏን ገጠመች። ከወዲህ ሆኜ ማንኪያውን አዳምጣለሁ። አንዴ ሳህኑን ይነካል… ከዚያ ዝም።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ረዳቷ እሑድ አትመጣም። እህቴ ከረቡዕ ወዲህ ከሻይ በቀር የቀመሰችው የለም። የእጇ አንጓ ቀጥኗል።

መጋረጃውን ሳልገልጥ ጠየቅኳት። ለምንድን ነው የማትበዪው?

"እትዬ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ አንቺ 'ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ አፍሽን ዘግተሽ አላምጪ' ሳትዪኝ በልቼ አላውቅም። እንዴት እንደሚበላ ጠፋኝ።"

ሳህኔን ይዤ ገባሁ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ቀጥ በይ" አልኳት።

አንድ ሙሉ ድንች በላች። ከእኔ ድስት። ቀትር ላይ ነበር።

የወንድሜ ልጅ ደወለች፤ ነገርኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ አለችኝ፤ ረዳቷን ይነጥቋችኋል፣ ደግሞ ወለል ላይ ልትቀሩ ነው። ዝም ብትዪ ማን ያይሻል አለች። እኔ አያለሁ አልኳት። ዘጋችው።

ነገ፦

መጀመሪያ ድንች እቀቅላለሁ። በትልቁ ድስት፣ ለሁለት ሰው።

መጋረጃውን አወርዳለሁ።

ረዳቷ ስትመጣ፣ ወገብ ሳይጎዳ ሰው እንዴት እንደሚነሳ ታሳየኛለች። ሁለት ጊዜ። በወረቀት እይዘዋለሁ።

ከዚያ ቢሮ። ከእሑድ ቀትር ጀምሮ አንድ ቤተሰብ መሆናችንን አስመዘግባለሁ። ያቺን መስመር ማን እንደጻፋት እነግራቸዋለሁ፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩም፦ ከአንድ ድስት መብላት ሰው ለማንሳት አቅም አይሆንም። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ እሄዳለሁ። ደረጃውን ስወጣ እንዲያዩኝ ቀስ ብዬ።