በጥር ጠፋ፣ በግንቦት ዘገየ ስለተባለው ስልኬ

ለተከበሩ ሚስተር ዴልበርት ዊትኮምብ፣ የባንኩ የክሬዲት ካርድ ጥቅማ ጥቅሞች ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ስልክዎም ከኪስዎ እንዳይለይ ከልብ እመኛለሁ። የእኔው ከእጄ የተለየው በጥር ወር፣ በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ ቆመን ስናጠምድ፣ አጎቴ አርቮ የያዘውን ዓሣ ፎቶ ላነሳለት ጎንበስ ባልኩበት ቅጽበት ነው። ስልኩ ከጓንቴ አምልጦ፣ ለመንጠቆ በበረዶው ላይ በቆፈርነው ቀዳዳ ጠርዙን እንኳ ሳይነካ ገባ። አጎቴ ወደ ቀዳዳው አየና «ተመስገን፣ ዓሣው ተርፏል!» አለ።

እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ የእርስዎ ካርድ ነበረኛ። ሌሎች ባንኮች የአውሮፕላን ትኬት ቅናሽ ሲያሳዩኝ፣ የእርስዎን የመረጥኩት የስልክ ወርሃዊ ክፍያውን በካርዱ ለሚከፍል ሰው፣ ስልኩ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ ካሳ እንደሚሰጥ ስለተጻፈበት ነው። የሕግ ተማሪ እንደመሆኔ የውሉን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቤ፣ በምስጋና ቀን በዓል ማዕድ ላይ የቱርክ ዶሮው እስኪቀዘቅዝ ለዘመዶቼ አስረድቼ፣ እናቴንና አክስቶቼን ለካርዱ አስመዝግቤያለሁ። ስለዚህ ሐይቁ ውስጥ የገባው ስልኬ ብቻ ሳይሆን በቤተሰቤ ዘንድ ያለኝ ስምም ነው።

ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ወዲያው ባመለከትኩ ጊዜ፣ ስልኩ በእጄ ስለሌለ «ጠፋ» እንጂ «ተበላሸ» እንደማይባል፣ ለጠፋ ስልክም ካሳ እንደሌለ በደግነት አስረዱኝ። ስልኩ ግን አልጠፋም፤ የት እንዳለ እኔም፣ አጎቴም፣ ዓሦቹም እናውቃለን።

፪ኛ፦ በስልክ ያነጋገረችኝ ትሑት ሠራተኛዎ «ውድ ደንበኛችን፣ የተበላሸውን ስልክ ፎቶ ይላኩልን» አለችኝ። «ሐይቅ ውስጥ ነው እኮ!» ብላት «ታዲያ እዚያው እያለ ያንሱታ!» አለችኝ። በምን እንደማነሳው ሳትነግረኝ ዘጋችው።

፫ኛ፦ ግንቦት ገብቶ በረዶው ሲቀልጥ፣ ቦታው ጥልቀት ስላልነበረው አጎቴ በጀልባ ሄዶ ስልኩን በመረብ አወጣው። ጭቃውን አጥቤ ፎቶውን ላክሁ። እርስዎም ስልኩ በእርግጥ መበላሸቱን አምነው፣ የማመልከቻው ጊዜ ግን ማለፉን ገለጹልኝ። ውሉን ያረቀቀው ሰው ሐይቅ በረዶ በማይሠራበት አገር ያደገ ዕድለኛ መሆን አለበት፤ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

፬ኛው ቅሬታዬ አጎቴ ነው። እራት በተቀመጥን ቁጥር የሰናፍጩን ጠርሙስ እያቀበለኝ «እስቲ ጠበቃዋ፣ የጀርባውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢልን፤ ቢፈስ ካሳ አለው?» ይለኛል። እናቴ እንኳ ትስቃለች። ይህን ጉዳት የሚሸፍን አንቀጽ በውላችሁ ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ የጥር ወር ማመልከቻዬ በጊዜው እንደቀረበ፣ የግንቦቱም ፎቶ እንደ ማስረጃው ተቆጥሮ ካሳዬ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። አለበለዚያ የምንገናኘው ዳኛ ፊት ነው፤ እዚያም ጤናዎን እጠይቃለሁ።

ስለ ትዕግሥቴ እናንተን እያመሰገንኩ፣
ውሉን ከጻፈው ሰው ይልቅ ደጋግማ ያነበበችው፣
ብሪታ ኬስኪታሎ፣ ሰሜን ሚኔሶታ

በተጨማሪ፦ ካርዱ ከንቱ ነው ብዬ ስማችሁን እንዳላጠፋ፣ የበረዶው ወራት እስኪያልፍ በየጠዋቱ ከመኪናዬ መስታወት ላይ በረዶውን ፍቄበታለሁ፤ እጅግ ግሩም ይፍቃል። ይህን በማስታወቂያችሁ ብታክሉት አልከሳችሁም። ሌላ ጥቅም የሚዘረዝር ወረቀት ግን እናቴም፣ አክስቶቼም፣ እኔም ከእንግዲህ አንቀበልም።