ተገናኝቷል ይላል

መስከረም 14
ገበያ ነበር። ከወግዲ የመጡ ሴቶች ክርና ቁልፍ ገዝተውኝ ሄዱ። ከሱቅ ስመለስ ላፕቶፑን ከፈትኩ... ፌስቡክ እንደገና እምቢ አለ። ላፕቶፑን ልጄ ፈርሂያ ከሪያድ በሰው እጅ ነው የላከችልኝ፣ የአሠሪዎቿ ልጆች የጣሉት፣ አሮጌ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለው። እስከ ጳጉሜ ድረስ የጎረቤቴን የበዛችን ዋየርለስ እየሳበ ደህና ይሠራ ነበር።

መስከረም 17
ዛሬም ያው። ከታች ጥግ ላይ "ተገናኝቷል" ይላል። ከምን ጋር? ፌስቡክን ስነካ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ያመጣል። ከተማው ውስጥ ያለው ኢንተርኔት ቤት ደግሞ ተዘግቷል፤ ባለቤቱ ደሴ ገብቷል አሉ።

መስከረም 21
ሬዲዮው ማስታወቂያውን ደገመው። ሳዑዲ ያለ ወረቀት የሚኖሩ እስከ ጥቅምት 24 በምሕረት ይውጡ፣ ከዚያ በኋላ ይታሰራሉ። ፈርሂያ ከአሠሪዎቿ ቤት የጠፋችው ሰኔ ላይ ነው። ስልኳ አይታወቅም፣ ሲም ትቀያይራለች። በዚህ ማሽን ካልሆነ በምን አገኛታለሁ? ሰዲቅ፣ አባቷ፣ ትንሽ ትቆይ ይላል። በምትልከው ብር የሚሠራው ቤት ገና ቆርቆሮ አልለበሰም ብሎ። ቆርቆሮ!

መስከረም 26
ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግነው ካሳ መጣ። ዋየርለሱን አጠፋ፣ አበራ፣ ነቅሎ እንደገና ጫነው። እስከ በዛች ፔንሲዮን ድረስ ሄዶ የዋየርለሱን ሳጥን በመዳፉ መታው። በዛች "እንደ ሬዲዮ አትደብድባት፣ የእንግዶቼ ናት" አለችው። ተመልሶ አንድ የዜና ገጽ ከፈተ... ተከፈተ! ፌስቡክ ግን እምቢ። ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ዘጋው። "አርጅቷል እትዬ ዘሊካ፣ ይጣል።"
አረጀ ተብሎ የሚጣለው በዛ። እኔም አርጅቻለሁ።

ጥቅምት 3
ሰዲቅ፣ አላህ ሲዘጋው ለኸይር ነው አለኝ።  ሁልጊዜ ዝም ነው የምለው። ምሳውን አቅርቤለት እኔ ሳልበላ ሱቅ ገባሁ።

ጥቅምት 11
ማስጠንቀቂያውን ፊደል በፊደል ገለበጥኩት። ትምህርት ቤቱ ከጣላቸው ወረቀቶች ያነሳሁት መዝገበ ቃላት አለኝ፣ ፊተኛው ገጹ የለም፣ የቀረው ይበቃል። ቃል በቃል ስፈታው ከሰዓት አለፈ። "ገና ጊዜው አልደረሰም" የሚል ነገር ነው። የምኑ ጊዜ? የልጄ ጊዜ እያለቀ አይደለም እንዴ?

ጥቅምት 19
ቆሻሻ ሰው! 
በዛች ጋ ሄጄ ነበር። አንዲት እንግዳዋ፣ ነርስ ናት፣ በረንዳው ላይ ላፕቶፕ ከፍታ ተቀምጣለች። ጥግ ላይ ዓመቱን አየሁ፣ በፈረንጅ 2013። የእኔ 2006 ነው የሚለው። ሮጬ ቤት ገባሁ። ይሄን ማን ነካው አልኩ። ሰዲቅ ምንም ሳያፍር እኔ ነኝ አለ። የአዲስ ዓመት ዕለት ቀኑንም ዓመቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር "አስተካክሎታል"። በፈረንጅ ዘመን ቤቴ አይቆጠርም ብሎ። ማሽኑ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጧል፤ ማስጠንቀቂያው "ገና ጊዜው አልደረሰም" ያለው ለዚህ ነው፣ የፌስቡክ ፈቃድ በዚያ ዓመት ገና አልወጣም። ዋየርለሱ ምን በደለ?
ቀኑን መልሼ ዓመቱን 2013 አልኩት። ወዲያው ተከፈተ።
ሦስት መልእክት። የመጀመሪያው፣ ልውጣ ወይስ ልደበቅ ይላል። ሁለተኛው፣ ለምን ዝም አላችሁ። ሦስተኛው... "እማ፣ ዝም ስትሉኝ ቆዪ ማለታችሁ እንደሆነ ገባኝ። ቦታ ልንቀይር ነው። እዚያ ኢንተርኔት የለም።"
"ነይ" ብዬ ጻፍኩ። ባዶ እጅሽን ነይ።

ጥቅምት 22
አላየችውም።

ጥቅምት 24
አለቀ። አላየችውም።

ኅዳር 4
ሬዲዮው ስለ ሪያድ እያወራ ነው። ፖሊሶቹ የእኛን ልጆች ቤት ለቤት ይዘዋል፣ መትተዋል። ሰዲቅ ዘጋው። መልሼ ከፈትኩት። አየኝ፣ አየሁት።

ታኅሣሥ 6
መጣች። አልሐምዱሊላህ። ይዘው እስር ቤት አክርመው በአውሮፕላን ጭነዋታል። ከደሴ በአውቶቡስ ገባች፣ የሰው ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ ፌስታል ብቻ ይዛ። ግንባሯ ላይ ጠባሳ አለ። አልጠየቅኳትም። እሷ ግን ጠየቀችኝ፣ "እማ፣ ቆዪ አላላችሁኝም ነበር?" ላፕቶፑን ከፍቼ የጻፍኩትን አሳየኋት። ቀኑን ደጋግማ አየች። 
ሰዲቅ ገባ። ሰላም ብሎ ሳይጨርስ ሻንጣሽስ አላት።
"ራሷን ይዛ መጥታለች" አልኩት። "ሌላ የምትጠይቀው ካለ እኔን ጠይቅ። ልጄን አይደለም።"
ድምፄ ውጭ ድረስ ተሰምቷል፤ በዛች አጥሩ ላይ ብቅ አለች። ሰዲቅ ወጥቶ ሄደ።
እራት አቀረብኩ። አልጠራሁትም። ከልጄ ጋር በላን።