ፍሪጁን የከፈተው ማን ነው?

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ መውጫ መግቢያሽን ሰላም ያድርግልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል።

የገዛሽልን አዲሱ ፍሪጅ ግን በሦስተኛ ሳምንቱ ማቀዝቀዝ አቆመ። የአባትሽ ኢንሱሊን እንዳይበላሽ ፈርቼ ሱቁ ደወልኩ። «ዋስትና አለው፣ ነገ ባለሙያ እንልካለን» አሉኝ። አባትሽን ታውቂው የለ? አርባ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ ሰው ነገን ይጠብቃል? ገበያ ደርሼ ስመለስ ካቻቢቴውን ይዞ ፍሪጁ ጀርባ ተንበርክኳል!

በማግስቱ ባለሙያው መጣና የተቀደደውን የፋብሪካ ማሸጊያ አየ። «ማነው የከፈተው?» አለ። አባትሽ መሬት መሬቱን ያያል። «እኔ ነኝ፣ ሳጸዳ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ሰውዬው ሳህን ላይ በተርታ የተደረደሩትን ብሎኖች አየና፣ «እማማ፣ ይሄ የጽዳት ሥራ አይደለም። ዋስትናው ፈርሷል» ብሎኝ ሄደ።

ኢንሱሊኑን ጎረቤት አስቀምጠናል። አባትሽ በየጠዋቱ በራቸውን የሚያንኳኳው አንገቱን ደፍቶ ነው። ካቻቢቴውን አልጋ ሥር ወርውሮታል፤ እኔንም አያናግረኝም።

አደራ፣ ሌላ ፍሪጅ እንዳትገዢ፤ ይሄንኑ እናሠራዋለን። ስትደውዪም የፍሪጁን ነገር አታንሺበት። ይልቅ ቤትሽ ውስጥ የተበላሸ ነገር ፈልጊና «አባዬ፣ እንዴት ላድርገው?» በይው። እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ፣ ልጄ። የተበላሸ ካጣሽ ግን አንዱን አበላሺ።

እናትሽ