ሳልገልጥ ያስቆለፍኋቸው አርባ አንድ መጻሕፍት

የካቲት አሥራ አራት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ። እኔ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት መዝጋቢ፣ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ፣ ነገ ጠዋት የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግልኛል። የታመመው ልቤ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ማንም ሳያስገድደኝ የምናገረውን ኑዛዜ ባልደረባዬ መጽሐፍ ጠራዡ ይጽፋል።

አንደኛ፤ ኮምፒውተሬና ካፖርቴ ለታናሽ እህቴ ይሁኑ። ካፖርቱን ስትስቅበት ኖራለች፤ እስቲ ትልበሰውና ይሳቅባት።

ሁለተኛ፤ ይህ ውርስ ሳይሆን ጥፋቴ ነው። የአክስቴ ልጅ ራሱን ባጠፋ ሰሞን ወላጆች በቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ተሰልፈው «ራስን ስለ ማጥፋት የሚያወራ መጽሐፍ ይታገድ!» አሉ። ሌሎች «መጽሐፍ ሰው አይገድልም» ብለው በጋዜጣ ተሰዳደቡ። እናቱን የጠየቀ ግን አልነበረም። ኃላፊያችን «እስከ ምሳ ዝርዝር አምጣልኝ» ሲሉኝ፣ ጎበዝ ለመባል ስጣደፍ፣ መዝገቡ ላይ «ራስን ማጥፋት» ብዬ ፈልጌ የወጣውን አርባ አንድ መጽሐፍ ሁሉ፣ አንዱንም ሳልገልጥ፣ በአንድ ሰዓት አቀረብሁ። በስብሰባ ተጨበጨበልኝ። የተጨነቀን ሰው እንዴት እናናግር የሚለውም፣ ልጅ ለሞተባቸው የተጻፈውም ከልብ ወለዱ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው።

ከወር በኋላ አክስቴ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣች። «ሐኪሜ አንብቢው ያለችኝ፣ ልጅ ለሞተባቸው የተጻፈው መጽሐፍ አለ?»

«አለ። ግን ተቆልፎበታል፤ ለማውጣት ቅጽ ይሞላል።»

«‹ምክንያት› የሚለው ላይ ምን ልጻፍ? አስከሬኑን የተሸከምከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ዓይኔን ኮምፒውተሩ ላይ ተከልሁ። ቅጹን ባዶውን ትታው ሄደች።

ሦስተኛ፤ ስለዚህ ያንኑ መጽሐፍ ራሴ ገዝቼዋለሁ፤ ይኸው ትራሴ ሥር ነው፤ ለአክስቴ አወርሳለሁ። ዝርዝሩንም በስሜ የወጣ ነውና ሽሬዋለሁ። ኃላፊው ቁም ሳጥኑን ያስከፍቱ። መከልከል ያለበት ካለ አንብበው ይከልክሉ።

እዚህ ላይ ሊጠይቁኝ መጥተው ለምስክርነት የተቀመጡት ኃላፊ ተነሡ። «ልጄ፣ ይህ የቦርድ ውሳኔ ነው። ስትድን እንነጋገርበታለን።»

«ጋሼ፣ ባልድንስ?»

«ኧረ አታሟርት!»

«ይሄም ይጻፍ?» አለ ጠራዡ፣ ቀና ሳይል።

«ይጻፍ እንጂ!» አልሁት።

ከግርጌዬ የተቀመጠችው አክስቴ ወደ ጠራዡ ዞረች። «ውርስ የሚለውን ሰርዘው» አለችው። «ከአንድ ልጅ የወረስኩት ይበቃኛል። ተውሳ ወሰደች በል።»

«ለስንት ቀን?» አለ ጠራዡ፤ የሥራ ልማድ ነው።

«እሱ በእግሩ ቤቴ መጥቶ እስኪወስደው።»

ተሰርዞ፣ እንዳለችው ታርሟል።

ምስክሮች፦ ጠራዡ፣ ፈርሟል። ተረኛዋ ነርስ፣ ፈርማለች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ «ሁለተኛውና ሦስተኛው እኔን አይመለከተኝም» ብለው በእጃቸው ጨምረው ፈርመዋል።

ተናዛዡ፦ እኔን ሁሉም ይመለከተኛል። ፈርሜያለሁ።