ሣር የሚይዝ እጅ

ሴቻ፣ ኅዳር 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

መንግሥትና አማፂያኑ ስለ ኤርትራ ናይሮቢ ላይ ድርድር ተቀምጠዋል። ዛሬ ከትምህርት በኋላ መምህራንን ሰበሰቡንና ካድሬው፣ «መገንጠል ለድርድር አይቀርብም፤ እስከ መጨረሻው እንዋጋለን» የሚል የአቋም መግለጫ አነበበ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል፣ ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ እጄን ከሁሉም ቀድሜ አወጣሁ።

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ልጃቸው ታደለ አሥመራ ግንባር ነው።

«መምህር፣ ሬዲዮው ምን አለ?»

«እየተነጋገሩ ነው» አልኩ፣ እጄን አጥሩ ላይ አሳርፌ።

«በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሃል ከገባ፣ ጦር የሰበቀም ይቆማል። እዚያስ ሣር የሚይዝ ሰው አላቸው?»

«አይጠፋም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ጌታ እጁን ይባርክለት» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

እጄን ከአጥሩ ላይ አወረድኩ።