ጮጮ ውስጥ የተበጠበጠው

ጥር 12 ቀን 2009
እዚህ ቡቲዬ ከተማ አቧራ ብቻ። ፍየሎቹ እንኳ ጥላ አጥተው መኪና ሥር ይተኛሉ። እኔ ግን ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ምን ልደብቅ! በሐምሌ ያሸግነውን የለውዝ ልውስ ከፈትነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በዚህ ሙቀት ከርሞ... አልሸተተ፣ አልመረረ። ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚን። የከሳ ሕፃን ሳይበስልለት ከእሽጉ የሚበላው ነው። አለቃዬ ገዳ በጣቱ ጠቅሶ ላሰና "ሀኩና ማጂ!" ብሎ ጮኸ። ውሃ የለበትም፣ ስለዚህ አይበላሽም ማለቱ ነው። ናይሮቢ ተምሮ ከመጣ ወዲህ ደስታው ሁሉ በስዋሂሊ ነው።

ጥር 20
ዳበል የምትባል መንደር ሄድኩ፣ እዚህ ፒኪፒኪ በሚሉት ሞተር ብስክሌት። ወገቤ ተቆረጠ። ከብቱ አልቋል፤ ወተት የሚባል የለም። ዳሃቦ የምትባል እናት ልጇን ጡሪን አሳየችኝ። ክንዷን በሁለት ጣቴ ዙሪያውን ያዝኩት፣ ጣቴ ተረፈ። ልውሱን አቀመስኳት... ላሰች! ዳሃቦ ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ። የወሩን እሽግ ለእናቶቹ ሁሉ አደልኩ። "በቀን ሦስቴ ስጧቸው" አልኳቸው። ይኸው ነው፤ ምን የሚከብድ ነገር አለው?

የካቲት 3
ከዳበል ወሬ መጣ። ጡሪን ተቅማጥ ይዟታል። ገዳ "ከኛ ምግብ አይደለም" አለ። ነገ እሄዳለሁ።

የካቲት 4
አልደረስኩም። ጠዋት ቀብረዋታል።

የካቲት 5
ትናንት ያየሁትን መጻፍ አልቻልኩም ነበር። ዳሃቦ ቤት የወተት ዕቃው፣ ጮጮው፣ ተሰቅሏል። ውስጡ የኛ ልውስ፣ በኩሬ ውሃ ተበጥብጦ። ኮምጥጧል። አንዴ በጥብጣ ሲያድርም እሱኑ ነበር የምታጠጣት። እዚህ የሕፃን ምግብ ይጠጣል። ጮጮም በጭስ ስለሚታጠን ያደረ ወተት አያበላሽም። እሷም ያደገችው እንዲሁ ነው። ውሃ አትጨምሪበት ያላት ማን አለ? እኔ ስጨነቅ የከረምኩት እሽጉ ውስጥ እንዳይበላሽ ነው። ከእሽጉ ወጥቶ የት እንደሚገባ መች ጠየቅኩ?

"ሮዛ፣ ምግባችሁ ተበላሽቶ ነበር?" አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

"አዎ። የኛ ጥፋት ነው" አልኳት።

ታዲያ ምን ልበል? ልጅሽን በገዛ እጅሽ...? አፌ እንቢ አለኝ።

የካቲት 14
የዳበል እናቶች ተበላሽቷል ብለው እሽጉን ሁሉ ጉድጓድ ቆፍረው ቀብረውታል። ገዳ አበደ። "ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?" አለኝ። የዳሃቦ ጎረቤት ካልቶማ መንትያ ልጆች አሏት። ድነው ነበር፣ እንደገና ከሱ። አንዱ ዓይኑንም አይገልጥም አሉ። አንዷን እናት ላድን ብዬ... ከድጡ ወደ ማጡ። ራሴን ጠላሁት!

የካቲት 16
ሄድኩ። እናቶቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ምግቡ ተበላሽቶ አልነበረም፤ ውሃ ገብቶበት ሲያድር ነው የሚበላሸው። ይህን ሳልነግራችሁ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ኋላም ዋሸሁ አልኳቸው። የማንንም ስም አልጠራሁም። መጥራት አስፈለገ እንዴ? ሁሉም ዞረው ዳሃቦን አዩ።

አዲሱን እሽግ ተቀበሉኝ። የካልቶማ ልጆች ከጣቷ ላሱ፣ ዓይኑን ያልገለጠውም ሳይቀር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር...

ፒኪፒኪው ላይ ልወጣ ስል ዳሃቦ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ ነው ያናገረችኝ።

"ጡሪን ከቀበርኩ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ 'የኛ ጥፋት ነው' ባልሽኝ ቃል ነበር" አለች። "ለነሱ እውነቱን ንገሪ፣ ልጆቻቸው ይዳኑ። ለኔ ግን ያን ውሸት ብትተዪልኝ ምን ነበረበት?"